ባሕርን በዐለት ውስጥ ያዳመጠ ሰው፤ የአንቷን ዳባዲ ሕይወት

ሞጆ ደረቅ ወደብን ያላየ የዩኒቨርስቲ ተማሪ ጥቂት ነው። ወደ አዳማ፣ ወደ ሐረር ወይም ወደ ሐዋሳ የሚወርድ መንገደኛ ሁሉ በሞጆ ስለሚያልፍ፣ ከጅቡቲ የመጣውን የኮንቴይነር ክምር የማየት ዕድል አለው። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ከወደቡ አጥር ውጭ ቆሜ ዘመድ ስጠብቅ፣ አንድ ትልቅ ማንሻ መኪና አንዱን ኮንቴይነር ከሌላው ላይ አሳረፈ። ድምፁን በጆሮዬ ሰማሁት፤ ነገር ግን በጆሮዬ ብቻ አልነበረም፤ የቆምሁበት መሬት በጫማዬ ሥር ሲርድ ታወቀኝ። ከአንድ ላኪ ሁለት መልእክት መጣልኝ ማለት ነው፤ አንዱ በአየር በኩል፣ ሁለተኛው በመሬት በኩል። ከሁለቱ የትኛው ቀደመ? በዚያ ቅጽበት መለየት አልቻልሁም።

ጥያቄው ከአእምሮዬ ስላልወጣ፣ ወደ ትምህርት ስንመለስ በቤተ መጻሕፍት ፍለጋ ጀመርሁ። የፊዚክሱ መጽሐፍ መልሱን ባጭሩ ሰጠኝ። ከመልሱ ይልቅ የገረመኝ ግን በታሪክ ትምህርት ስሙን ብቻ የማውቀው አንድ ሰው ከዚሁ ጥያቄ ጋራ ዕድሜውን ሙሉ መኖሩን ማግኘቴ ነው። ይህ ሰው አንቷን ዳባዲ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው የግዕዝ ብራናዎችን ሰብስቦ ወደ ፓሪስ የወሰደ ፈረንሳዊ መንገደኛ መሆኑን ነው። የአገራችንን ነጎድጓድ ያጠና፣ በኋለኛው ዘመኑም የባሕርን መናወጥ በዐለት ውስጥ ያዳመጠ መርማሪ መሆኑን የሚያውቅ ግን ብዙ አይመስለኝም። ስለዚህ ታሪኩን ባጭሩ ላቅርብላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

አንቷን ዳባዲ ጃንዋሪ 3 ቀን 1810 በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ተወለደ። አባቱ የባስክ ዘር የሆነ ፈረንሳዊ ሲሆን በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ አገሩን ጥሎ የተሰደደ ነበር፤ እናቱ አየርላንዳዊት ናት። የታሪኩ ተካፋይ የሆነው ታናሽ ወንድሙ አርኖም በዚያው አገር በ1815 ተወለደ። ልጆቹ ገና ትንንሾች ሳሉ ቤተ ሰቡ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። ባስኮች በፈረንሳይና በእስፓኝ ድንበር ላይ የሚኖሩ፣ ከጎረቤቶቻቸው ቋንቋ ጋራ ዝምድና የሌለው የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ሕዝብ ናቸው። እንግዲህ አንቷን በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በባስክ ቋንቋ መካከል ያደገ ልጅ ነበር ማለት ነው። ፓሪስ ገብቶ ሕግ ተማረ፤ ልቡ ግን በተፈጥሮ ሳይንስ ላይ ነበር። ወደ አፍሪካ መካከል ለመግባት ገና በወጣትነቱ ስለ ቈረጠ፣ ሰውነቱን በእግር ጉዞና በልዩ ልዩ ድካም ያለማምድ ነበር።

የመጀመሪያው የምርመራ ሥራው ግን ወደ አፍሪካ አላደረሰውም። በ1836 መጨረሻ የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ወደ ብራዚል ላከው። ሥራው የኮምፓስ መርፌ በየቀኑ ምን ያህል ወዲህና ወዲያ እንደሚል እየተመለከተ መመዝገብ ነበር። በተሳፈረበት መርከብ ላይ መንግሥት ለመገልበጥ ሞክሮ ከአገሩ የተባረረ አንድ ወጣት መስፍን ነበረ፤ እሱም ሉዊ ናፖሌዎን ነው። ሁለቱ በባሕር ላይ ተዋወቁ፤ ይህ መስፍን በኋላ ናፖሌዎን ሣልሳዊ ተብሎ ንጉሠ ነገሥት ስለ ሆነ፣ ወደ ታሪኩ መጨረሻ ላይ እንደ ገና እናገኘዋለን። ዳባዲ ከብራዚል ያተረፈው ዋና ነገር ግን ልማድ ነው። የመርማሪ ሥራ አብዛኛው ቁጭ ብሎ መመልከት፣ መቍጠርና መጻፍ መሆኑን በዚያ ለመደ።

በ1838 ሁለቱ ወንድማማቾች ምጽዋ ወርደው ወደ ደጋው አገር ወጡ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። በጎንደር ነገሥታቱ በስም ብቻ ይቀመጣሉ፤ ሥልጣኑ በደብረ ታቦር በራስ ዓሊ፣ በትግሬና በስሜን በደጃዝማች ውቤ፣ በጎጃም በደጃዝማች ጎሹ እጅ ነበር። አርኖ ወደ ደጃዝማች ጎሹ ቤት ተጠግቶ በጦርና በአደባባይ እንደ አገሩ ሰው ኖረ። አንቷን ግን ወደ ሌላ አዘነበለ። የያዛቸው መሣሪያዎች ላሰበው ሥራ የማይበቁ መሆናቸውን በተረዳ ጊዜ፣ ያን ሁሉ መንገድ ተመልሶ አውሮፓ ሄደና የተሻለ መሣሪያ ይዞ ተመለሰ። እስከ 1848 ድረስ በአገራችን የቆየው በዚህ ሁኔታ ነው።

ያሰበው ሥራ የኢትዮጵያን ደጋ ካርታ በትክክል ማንሣት ነበር። በአውሮፓ እንደሚደረገው በሜዳ ላይ ሰንሰለት ዘርግቶ መለካት ጦርነት በማይታጣበት አገር የሚሞከር አልነበረም። ስለዚህ ዳባዲ ተራሮቹን ራሳቸውን የመለኪያ ችካል አደረጋቸው። አንድ ተራራ ላይ ወጥቶ ከሩቅ የሚታዩትን ጫፎች በማዕዘን መለኪያ መሣሪያው ያነጣጥራል፤ ማዕዘኑን ይጽፋል፤ ስማቸውን ከባላገሩ ይጠይቃል፤ ከዚያም ወደ ሌላው ተራራ ሄዶ የመጀመሪያውን መልሶ ያነጣጥራል። በዚህ መንገድ በመቶ የሚቈጠሩ ቦታዎች በካርታ ላይ ተራቸውን ያዙ። የነሐስ መሣሪያውን ወደ ተራራ እየደገነ የሚጽፍ ነጭ ሰው ያየ ባላገር ምን ሊያስብ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ተራራ ላይ የሚውልና የሚያድር ሰው ክረምት ሲመጣ ነጎድጓድን ሳይሰማ አይቀርም። ዳባዲም የሰማውን በከንቱ አላሳለፈም፤ በአገራችን ያየውንና የሰማውን መሠረት አድርጎ ስለ ኢትዮጵያ ነጎድጓድ አንድ ጥናት ጻፈ፤ ጥናቱም በ1858 በፓሪስ ታተመ። እዚህ ላይ ታሪኩን ጥቂት ገታ አድርገን ድምፅ በአየር ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ እንመልከት። ድምፅ ማለት ግፊት ነው፤ አንዱ የአየር ቅንጣት ጎረቤቱን ይገፋል፣ ጎረቤቱም የሚቀጥለውን ይገፋል። ቅንጣቶቹ ራሳቸው ከቦታቸው ብዙም አይርቁም፤ የሚጓዘው ግፊቱ ነው። በጠባብ መተላለፊያ ተሰልፈው የቆሙ ተማሪዎች ከኋላ ሲገፉ ግፊቱ ወደ ፊት እንደሚደርስ ያለ ነው።

ይህ ግፊት በ0 ዲግሪ ሙቀት በሴኮንድ 331 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ሙቀቱ አንድ ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ፍጥነቱ 0.6 ሜትር ያህል ይጨምራል። እንግዲህ በብርዳማ የስሜን ሌሊት አየሩ 5 ዲግሪ ቢሆን፣ ድምፅ በሴኮንድ 334 ሜትር ይሄዳል፤ በሞጆ ቀትር ላይ 25 ዲግሪ ቢሆን 346 ሜትር ይሄዳል። ብዙ ሰው በከፍታ ላይ ድምፅ የሚዘገየው አየሩ ስለሚሳሳ ነው ይላል፤ እውነቱ ግን ብርዱ ነው የሚያዘገየው። ብርሃን ወዲያው ስለሚደርስ፣ መብረቁን ካየን በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ በየ3 ሴኮንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ብንቈጥር የመብረቁን ርቀት እናገኛለን። ይህን ለማድረግ ሰዓትና ትዕግሥት ብቻ ይበቃል። ነጎድጓድ ከ20 ኪሎ ሜትር ያህል ወዲያ ብዙ ጊዜ የማይሰማውም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ከምድር አጠገብ ያለው ሞቃት አየር ድምፁን ያፈጥነዋል፣ ከላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ያዘገየዋል፤ ስለዚህ ድምፁ ወደ ላይ ታጥፎ ከራሳችን በላይ ያልፋል።

ዳባዲ በሰሜን ብቻ አልቀረም። ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጊቤ አገር ወረደና በ1843 ወደ እናርያ ገባ። በዚያ ይገዛ የነበረው ንጉሥ አባ ባጊቦ ነበር። ንጉሡ ከካፋ ንጉሥ ቤት ሙሽራ ሊያመጡ መልእክተኞች ሲልክ፣ ዳባዲ ከእነሱ ጋራ ተጉዞ ቦንጋን አየ። የሄደበትን አገር ቋንቋ ይጠይቃል፤ ቃሉን ከነአነጋገሩ ይመዘግባል። ድምፅን የሚወድ ሰው የነጎድጓዱን እንደ ሰማ ሁሉ የሰውንም አፍ አጥብቆ ይሰማ ነበር።

ይህ ብርቱ ሰው ግን አንድ ትልቅ ስሕተት ሠራ፤ ስሕተቱን መደበቅም ለታሪኩ ክብር አይሆንም። የነጭ ዓባይ ምንጭ የት ነው የሚለው ጥያቄ በዚያ ዘመን የአውሮፓን ሊቃውንት ሁሉ ያስጨንቅ ነበር። ዳባዲ የጊቤን ወንዝ የነጭ ዓባይ ዋና ገባር አድርጎ ገመተ፤ በ1846 መጀመሪያ ከወንድሙ ጋራ ሆኖ ከጊቤ ምንጭ ላይ የአገሩን ሰንደቅ ዓላማ ተከለ። እኛ ዛሬ እንደምናውቀው ጊቤ ኦሞ ሆኖ ወደ ቱርካና ሐይቅ የሚገባ ነው እንጂ ከዓባይ ጋራ አይገናኝም። ኢትዮጵያን ያየ ቻርልስ ቢክ የሚባል እንግሊዛዊ መንገደኛ አጥብቆ ተቃወመው፤ ክርክሩም ከመክረሩ የተነሣ ቢክ ከፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር የተሸለመውን ሜዳልያ መለሰ። ማዕዘን በደቂቃና በሴኮንድ የሚለካ ሰው በዚህ የተሳሳተው መሣሪያው ስለ ዋሸው አይደለም፤ መልሱን ከመለኪያው በፊት ስለ ወደደው ነው። ለእኛ ለተማሪዎች ከዚህ የሚበልጥ ማስጠንቀቂያ ያለ አይመስለኝም።

ዳባዲ በ1848 ከኢትዮጵያ ወጣ። በ1850 የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ለሁለቱ ወንድማማቾች የወርቅ ሜዳልያ ሰጣቸው። ከአገራችን ይዞ የሄደውን 234 የብራና መጻሕፍት ዘርዝሮ በ1859 ካታሎጉን አሳተመ፤ ብራናዎቹ ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1881 ደግሞ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን አወጣ። ለእኔ በጣም ደስ ያለኝ ግን የካርታው ሥራ ታሪክ ነው። ዳባዲ በደብተር ያመጣውን የቍጥር ክምር አስልቶ ለኅትመት ያበቃው ሮዶልፍ ራዶ የሚባል ሊቅ ሲሆን፣ መጽሐፉም ከ1860 እስከ 1873 ድረስ ክፍል በክፍል ታተመ። ይኸው ራዶ የኢትዮጵያን ተራሮች በሚያሰላበት ዘመን፣ በ1867፣ ስለ ድምፅ ጠባይ ለሕዝብ የሚሆን መጽሐፍ ጻፈ። የድምፅ ሳይንስና የኢትዮጵያ ካርታ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው ነበር ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ድምፅ በጠጣር ነገር ውስጥ ከአየር ይልቅ ፈጥኖ እንደሚሄድ ታውቆ ነበር። በ1808 ዣን ባቲስት ቢዮ የሚባል ፈረንሳዊ በፓሪስ 951 ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ቧንቧ አገኘና አንዱን ጫፍ አስመታ። በሌላው ጫፍ ላይ አንድ ምት ሁለት ጊዜ ተሰማ፤ በመጀመሪያ በብረቱ በኩል፣ ከ2.5 ሴኮንድ በኋላ ደግሞ በቧንቧው ውስጥ ባለው አየር በኩል። በውሃ ውስጥ ድምፅ በሴኮንድ 1,480 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በሐዲድ ብረት ከ5,000 ሜትር ይበልጣል፤ በጠንካራ ዐለትም እስከ 6,000 ሜትር ይደርሳል። በልልና በደረቅ አፈር ግን ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ብዙዎቻችን ነገሩ ከክብደት የመጣ ይመስለናል፤ አይደለም። ክብደትማ ድምፅን የሚያዘገይ ነው። የሚያፈጥነው ነገሩ ሲገፋ አልታጠፍም ብሎ ወዲያው ወደ ቦታው የመመለሱ ኃይል ነው። እርሳስ ከብረት ይከብዳል፤ ነገር ግን ልል ስለ ሆነ ድምፅ በውስጡ የብረቱን ፍጥነት ግማሽ እንኳ አያገኝም። ከዚህ የሚከተለው ትልቅ ነገር ነው። ድምፁ የደረሰበትን ጊዜ የለካ ሰው፣ ሳይቈፍር በመካከሉ ያለው ነገር ጠንካራ ይሁን ልል ሊያውቅ ይችላል። ጊዜው የማይታየውን ነገር ይናገራል።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ዳባዲ በ1859 ቪርዢኒ የምትባል ፈረንሳዊት አገባ፤ ከ1864 ጀምሮም በአባቱ አገር፣ አንዳይ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ፣ በገደል አፋፍ ላይ አንድ ግንብ አሠራ። ግንቡ በ1879 ተፈጸመ። በግድግዳው ላይ የኢትዮጵያ ኑሮ ተሥሏል። በምግብ ቤቱ ያሉት ወንበሮች እያንዳንዳቸው በጀርባቸው የፊደላችንን ሆሄያት ይዘዋል፤ ወንበሮቹ በገበታው ዙሪያ በተራቸው ሲቆሙ፣ በዚህ ማዕድ ከዳተኛ እንዳይገኝ እግዚአብሔርን የሚለምን ቃል ይነበባል። የግንቡን የመጨረሻ ድንጋይ እንዲያኖር የታሰበው ያ የመርከብ ወዳጁ ናፖሌዎን ሣልሳዊ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን በ1870 ከዙፋኑ ወረደ፤ ድንጋዩም ሳይኖር ቀረ፤ ቦታው እስከ ዛሬ ክፍት ነው።

ግንቡ መኖሪያ ብቻ ሳይሆን መሣሪያም ነበር። ዳባዲ ግድግዳውን አስበስቶ ከሩቅ ወደሚታየው ላ ሩን ወደሚባለው ተራራ ቀጥ ብሎ የሚያሳይ ቀዳዳ አበጀ፤ ብርሃን በአየር ውስጥ ሲሄድ ምን ያህል እንደሚጎብጥ ሊለካበት አስቦ ነበር። ሙከራው አልሠመረለትም። ሌላ ሰው ቢሆን ቀዳዳውን በኖራ ደፍኖ ዝም ባለ ነበር፤ ዳባዲ ግን ምንም እንዳላየና ምንም እንዳልተማረ በባስክ ቋንቋ በድንጋይ አስቀረጸበት። የጊቤን ስሕተት አምኖ ለመቀበል ያልቻለው ሰው በእርጅናው ይህን ማድረጉ የሕይወቱ መልካም ክፍል ይመስለኛል።

ሌላው መሣሪያ ግን ሠመረለት። በዐለት ላይ የቆመ፣ ከታች ሰፊ ከላይ ጠባብ የሆነ የግንብ ዓምድ አሠርቶ፣ ከሥሩ በዕቃ ባዜቃ፣ ማለት ሜርኩሪ፣ አኖረ። ባዜቃ ፈሳሽ ስለ ሆነ ፊቱ ሁልጊዜ በውኃ ልክ ይረጋል፤ እንደ መስተዋትም ያሳያል። ዳባዲ ከላይ ሆኖ በአጉሊ መነጽር ወደ ታች እየተመለከተ፣ የቀጭን ክሮች መስቀል በባዜቃው ላይ የሚጥለውን መልክ ያያል። ምድር ጥቂት ብታዘነብል መልኩ ይሸሻል፤ ምድር ብትንቀጠቀጥ መልኩ ይርዳል። ለዓመታት ይህን እያየ መዘገበ። ያገኘው ነገር ባዜቃው ጸጥ የሚልበት ጊዜ እጅግ ጥቂት መሆኑን ነው። ሰው ሁሉ ጽኑ የሚለው ዐለት በእውነቱ የሚንቀጠቀጥ ነበር። ከታች የሚመታው ባሕር አንዱ ምክንያት መሆኑን ጠረጠረ፤ ነገር ግን ባሕሩ ጸጥ ሲል መልኩ የሚርድበት፣ ባሕሩ ሲናወጥ መልኩ የሚረጋበትም ቀን ስለ ነበረ፣ ነገሩ ቀላል አለመሆኑን እንዳየው ጻፈ። የታዋቂው የቻርልስ ዳርዊን ልጅ ጆርጅ ዳርዊን በእንግሊዝ አገር ተመሳሳይ ምርመራ ሲያደርግ የዳባዲን ሥራ ጠቅሶ ተጠቅሞበታል።

እንቈቅልሹ የተፈታው ዳባዲ ከሞተ ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ ነው። በ1950 ሎንጌት ሂጊንስ የሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ፣ ከተቃራኒ አቅጣጫ የመጡ የባሕር ሞገዶች በተገናኙበት ስፍራ ግፊታቸው እስከ ባሕሩ ወለል ድረስ እንደሚወርድ፣ ወለሉም ይህን ንዝረት ተቀብሎ ለምድር እንደሚያስተላልፍ በሒሳብ አሳየ። ስለዚህ ዐለቱን የሚያርደው ከገደሉ ሥር የሚታየው ማዕበል ብቻ አይደለም፤ ከአድማስ ወዲያ ያለ፣ ዓይን የማያየው ማዕበልም ጭምር ነው። ይህ ንዝረት በየጥቂት ሴኮንዱ ቀስ እያለ የሚመላለስ ስለ ሆነ ጆሮ አይሰማውም፤ በዐለት ውስጥ ግን ክፍለ ዓለም አቋርጦ ይሄዳል፤ ከባሕር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የራቁ መሣሪያዎችም ይመዘግቡታል።

ዳባዲ በ1867 የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ፤ በ1892ም ፕሬዚዳንቱ ሆነ። ለአንዳይ ከተማም ከንቲባ ሆኖ አገልግሏል። በ1882 በ72 ዓመቱ ቬኑስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለማየት እስከ ሐይቲ ተጓዘ። ልጅ ስላልነበረው ግንቡን ለአካዳሚው ተናዘዘ፤ ውሉም በ50 ዓመት ውስጥ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት መዝገብ እንዲዘጋጅ የሚል ነበር። ማርች 19 ቀን 1897 በፓሪስ ሞተ፤ በግንቡ ጸሎት ቤት ሥር ተቀበረ።

አሁን ከአንዳይ ወደ አገራችን እንመለስ። ዳባዲ በብራዚል ለኮምፓስ መርፌ ያደረገውን ዓይነት ሥራ በአገራችን ለማካሄድ፣ በ1957 እና በ1958 በተከበረው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ የምርመራ ጣቢያ ተቋቋመ። ያቋቋሙት ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዋን ናቸው። ብዙም ሳይቆይ የምድር መንቀጥቀጥን የሚያዳምጥ መሣሪያ ተጨመረበት፤ እሳቸውም የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመንቀጥቀጥ ታሪክ ከዜና መዋዕሎችና ከመንገደኞች ጽሑፎች ሰብስበው በ1979 አሳተሙ። በ2003 ደግሞ ኢትዮጵያውያን፣ እንግሊዛውያንና አሜሪካውያን ሊቃውንት በስምጥ ሸለቆ ላይ ታላቅ ሙከራ አደረጉ። በተቈፈሩ ጕድጓዶች ውስጥ ፈንጂ እያፈነዱ፣ የፍንዳታው ድምፅ በምድር ውስጥ አልፎ የደረሰበትን ጊዜ ከአንድ ሺህ በማያንሱ ትንንሽ መሣሪያዎች መዘገቡ። በአዳማ አካባቢ ካለው የሸለቆ ወለል ሥር ድምፁ በአንዳንድ ስፍራ ከዙሪያው ፈጥኖ አለፈ፤ በዙሪያው በሴኮንድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በዚያ 6.5 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሆነ። ከዚህም ከጥልቅ የወጣ ቅልጥ ዐለት ገብቶ መርጋቱን ተረዱ። ሸለቆው እየተከፈለ ነው፤ ይህን የተናገረው ድምፁ የደረሰበት ጊዜ ነው።

ይህ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን። ከ2024 መስከረም ገደማ ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ ሲነሣ፣ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ፤ ንዝረቱም እስከ አዲስ አበባ ተሰማ። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ብዙ ስፍራ ከጠንካራው ዐለት በላይ ልል የእሳተ ገሞራ አመድና የሐይቅ ደለል አለ። ንዝረት ከዐለት ወጥቶ ወደ ልል አፈር ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ በፍጥነት የቀነሰውን በመወዛወዝ ያበዛዋል። ስለዚህ አንዱ መንቀጥቀጥ በዐለት ላይ የቆመውን ቤት በመጠኑ ሲነካ፣ በደለል ላይ የቆመውን አብዝቶ ሊያናውጠው ይችላል። ሕንጻ ከመሠራቱ በፊት ድምፅ በመሬቱ ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ መለካት የሰው ሕይወት የሚያድን ሥራ ነው።

እንግዲህ በሞጆ አጥር አጠገብ የተነሣው ጥያቄ መልስ አገኘ። በእኔና በኮንቴይነሩ መካከል ያለው ጠንካራ ዐለት ቢሆን ኖሮ እግሬ ከጆሮዬ እጅግ ይቀድም ነበር፤ ልል አፈር ቢሆን ግን ልዩነቱ ይጠብባል፤ በጣም ልል በሆነው የላይኛው አፈር የሚሄደው ንዝረት እንዲያውም ከአየሩ ድምፅ ኋላ ሊቀር ይችላል። መልሱን የሚሰጠው በመካከላችን ያለው መሬት ነው፤ እሱም የሚገኘው ሰዓት ይዞ በመለካት ነው እንጂ በመገመት አይደለም።

ሌላም ነገር ተረዳሁ። ሞጆ ባሕር የሌለው ወደብ ነው እያልን እንቀልዳለን። የሕንድ ውቅያኖስና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ማዕበል የሚያነሣው ንዝረት ግን በዐለት ውስጥ እየተጓዘ ከኮንቴይነሮቹ ሥር ሌሊትና ቀን ያልፋል፤ የሚጎድለው የሚያዳምጠው ሰው ነው። አንቷን ዳባዲ አገራችንን ዐሥር ዓመት አዳመጠ፤ የሰማውንም ጻፈ፤ ደብተሩ ግን ያለው በሌላ አገር ነው። የሚቀጥለው ደብተር በማን እጅ እንደሚጻፍና በየት እንደሚቀመጥ የሚወስነው በሳይንስ ፋኩልቲ ወንበር ላይ የተቀመጠው የእኛ ትውልድ ነው።